ገበያው ሲወርድ የሚሸጠው ማን ነው?

የአክሲዮን ገበያ በወረደ ቁጥር ለተራው ሰው አንድ ምክር ከየአቅጣጫው ይሰነዘርለታል፤ «አትደንግጥ፣ አትሽጥ፣ ይመለሳል» ይባላል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን ለሁሉም ሰው አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ያልተነገረው ሰው ደግሞ ክፉ ቀን ሲመጣ ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ፍርሃት ላይ ያላክካል። ገበያ ሲወርድ የሚሸጡ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ፈርቶ ይሸጣል፣ ሌላው ቸግሮት ይሸጣል። የሁለቱ መድኃኒት አንድ አይደለም፤ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገውም ይህንኑ ነው። (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምሳሌውን የማመጣው ከአሜሪካ ነው። እዚያ ብዙው ተራ ሠራተኛ አስቦበትም ሆነ ሳያስብበት አክሲዮን ገበያ ውስጥ አለ። ፎር ኦ ዋን ኬ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ ስሙን ያገኘው በ1978 ከወጣው የግብር ሕግ ነው። በመደበኛው አሠራር ገንዘቡ የገቢ ግብር ሳይነካው ከደመወዝ እየተቆረጠ ይገባል፤ አብዛኛውም የኩባንያ አክሲዮን ይገዛበታል። በ2006 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ አሠሪዎች ሠራተኛው ሳይጠይቅ እንዲመዘግቡት መንገዱን ጠረገ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሆቴል፣ በሆስፒታልና በአየር ማረፊያ ከሚሠሩት ወገኖቻችን መካከል ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ሒሳብ አላቸው። አክሲዮን ምን እንደሆነ አንድም ቀን ሳይጠይቁ ባለአክሲዮን ሆነዋል።

«ገበያው ይህን ያህል ትሪሊዮን ዶላር አጣ» የሚል ዜና ሲሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ገንዘቡ የት ገባ?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከፍርሃቱ ግማሹን ያነሣል። የአክሲዮን ዋጋ ማለት አክሲዮኑ ለመጨረሻ ጊዜ የተሸጠበት ዋጋ ማለት ነው። በአንድ ሰፈር ሃያ ተመሳሳይ ቤቶች አሉ እንበል። አንዱ ባለቤት ገንዘብ በአስቸኳይ ፈልጎ ቤቱን በግማሽ ዋጋ ቢሸጥ የአሥራ ዘጠኙም ግምት በዚያው ቀን ይወርዳል። ከአንዳቸውም ጣሪያ ቆርቆሮ አልተነቀለም፤ ከማንም ኪስ ገንዘብ አልወጣም። ያልሸጡት ያጡት ግምት ብቻ ነው። ይህ ማለት ግን ግምቱ ውሸት ነው ማለት አይደለም። በዚያው ሳምንት ለመሸጥ የሚገደድ ሁለተኛ ጎረቤት ካለ ለእርሱ ኪሳራው እውነተኛ ኪሳራ ነው። ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ በዚያ ሳምንት የመሸጥ ግዴታ የወደቀበት ማን ነው?

መጀመሪያ ፈርቶ የሚሸጠውን እንየው። ለዚህ ከ2020 የተሻለ ትምህርት ቤት የለም፤ ሁሉም ነገር በጥቂት ወራት ውስጥ ተጀምሮ አልቋል። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው መለኪያ የ500 ያህል ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ዋጋ በአንድ ቁጥር አጠቃሎ ያሳያል። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 3,386 ላይ ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሲያዳርስ ቁልቁል ወረደና ማርች 23 ቀን 2,237 ላይ ደረሰ። ከሦስት አንድ እጁ በአንድ ወር ሄደ ማለት ነው።

በዚያ ወር ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት ምን ይመስል እንደነበር ላሳይ። ማርች 9 ቀን ገበያው ተከፍቶ ደቂቃዎች እንዳለፉ መለኪያው 7 በመቶ ወረደና ግብይቱ በአዋጅ የቆመ ያህል በመላ አገሪቱ ለ15 ደቂቃ ተቋረጠ። የብልሽት ጉዳይ አልነበረም፤ ደንብ ነው። ዳው ጆንስ የሚባለው ሌላው መለኪያ በኦክቶበር 19 ቀን 1987 በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ከወደቀ በኋላ፣ ሰዎች ተንፈስ ብለው እንዲያስቡ ተብሎ የተበጀ ማቆሚያ ነው። በማርች 2020 ይህ ማቆሚያ አራት ጊዜ ሠራ፤ በ9፣ በ12፣ በ16 እና በ18። በ16ኛው ቀን ገበያው ሲዘጋ ኤስ ኤንድ ፒ 500 በ12 በመቶ ቀንሶ ነበር። ስልኩን ከፍቶ የጡረታ ሒሳቡን የሚያይ ሰው በየዕለቱ ሌላ ቁጥር፣ ከትናንቱም ያነሰ ቁጥር ያያል። ልብ የሚያደክም ነገር ነው።

ግን በዚያው ወር ሌላም ነገር ሆኗል። ማርች 13 ቀን መለኪያው 9.3 በመቶ ወጣ፤ ማርች 24 ቀን ደግሞ 9.4 በመቶ። በ2008ም እንዲሁ ነበር። ሴፕቴምበር 29 ቀን የተወካዮች ምክር ቤት ባንኮችን ለማዳን የቀረበውን ሕግ ሲጥለው 8.8 በመቶ የወደቀው ገበያ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኦክቶበር 13 ቀን 11.6 በመቶ ዘለለ። ትላልቆቹ መውደቂያ ቀኖችና ትላልቆቹ መነሻ ቀኖች ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት። «ገበያው እስኪረጋጋ ልውጣ፣ ሲረጋጋ እመለሳለሁ» የሚለው ሐሳብ የሚከስረው በዚህ ምክንያት ነው። ሲረጋጋ ዋጋው ቀድሞ ወጥቶ ይጠብቃል።

በቁጥር እንየው። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 40,000 ዶላር የነበራቸው ሁለት ሠራተኞች አሉ እንበል፤ የሁለቱም ገንዘብ ኤስ ኤንድ ፒ 500ን በሚከተል ፈንድ ውስጥ ነው። ማርች 23 ቀን የሁለቱም ሒሳብ 26,400 ዶላር ገደማ ያሳያል። አንደኛው ምንም ሳይነካ ሥራው ላይ ዋለ። ሁለተኛው በዚያ ቀን ሸጦ ወጣ፤ ጁን 8 ቀን መለኪያው 3,232 ላይ ሲደርስና ወሬው ሲበርድ መልሶ ገዛ። ኦገስት 18 ቀን መለኪያው ከፌብሩዋሪው ጫፍ አለፈ። በዚያ ዕለት የመጀመሪያው 40,000 ዶላሩን መልሶ አግኝቷል። የሁለተኛው 27,700 ገደማ ነው። ሁለቱ ያሳለፉት ወረርሽኝ አንድ ነው፣ የያዙት ፈንድ አንድ ነው፤ ልዩነታቸው ግን ከ12,000 ዶላር በላይ ሆነ። የመጀመሪያው ከደመወዙ መቆረጡንም ካላስቆመ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ በፌብሩዋሪ ሁለት ድርሻ ይገዛ የነበረው ገንዘብ በማርች 23 ሦስት ድርሻ ይገዛ ነበርና።

ታዲያ ይህን እያወቀም ሰው ለምን ይሸጣል? ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1979 ባወጡት ጥናት ኪሳራ ከትርፍ አብልጦ እንደሚከብድ አሳዩ፤ በኋላ ሲለካም ክብደቱ እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። 100 ብር የጠፋበት ሰው ሐዘን 100 ብር ካገኘ ሰው ደስታ ይበልጣል። በ1995 ሽሎሞ ቤናርትዚና ሪቻርድ ቴለር ይህን ከአንድ ተራ ልማድ ጋር አያያዙት፤ ሒሳብን ቶሎ ቶሎ ከማየት ጋር። የአሜሪካ ገበያ በየቀኑ ሲታይ የሚወጣባቸው ቀኖች ከግማሽ በጥቂቱ ብቻ ይበልጣሉ። በየዓመቱ ሲታይ ግን ከአራት ዓመት በሦስቱ ገደማ ይወጣል። ስለዚህ በየቀኑ የሚያይ ሰው ከሚያያቸው ቀኖች ግማሽ ያህሉ የኪሳራ ቀኖች ናቸው፤ እያንዳንዱም እጥፍ ሆኖ ይሰማዋል። በዓመት አንዴ የሚያየው ሰው ያንኑ ገበያ ሌላ ገበያ አድርጎ ያየዋል። ስልካችን ውስጥ ያለው ያ ቀይና አረንጓዴ ቁጥር ለብዙ ሰው ከገበያው የባሰ ጠላት ነው ብዬ አምናለሁ።

የኖሩበት ዘመንም ይፈርዳል። ኡልሪኬ ማልሜንዲየርና ስቴፋን ናገል በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በሕይወት ዘመናቸው ገበያ ሲወድቅ ያዩ ሰዎች ከብዙ ዓመት በኋላም አክሲዮን የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ ሆኖ እንደሚቀር አሳይተዋል። ይህ እኛን ይመለከታል። በ1975 አገር ቤት ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ፋብሪካዎች በአዋጅ የመንግሥት ሲሆኑ በእጃቸው የነበረው የአክሲዮን ወረቀት ዋጋ ሲያጣ ያዩ ቤተሰቦች አሉ። ያን ታሪክ እየሰማ ያደገ ልጅ ዛሬ ሜሪላንድ ሆኖ «ቤት ይሻለኛል፣ በዓይኔ የማየው ይሻለኛል» ቢል አላዋቂ ነው ሊባል አይገባም። ትምህርቱን የወሰደው ከእውነተኛ ኪሳራ ነው። ያ የሆነበትና እርሱ አሁን ያለበት ቦታ የተለያዩ መሆናቸውን በእርጋታ ማስረዳት ነው የሚጠቅመው።

አንድ የተሳሳተ ሥዕል ግን እዚህ ላይ ማረም አለብኝ። ገበያ ሲወርድ ቴሌቪዥኑ የሚያሳየን ጭንቅላቱን የያዘ ደላላ ስለሆነ ሕዝቡ ሁሉ እየተሯሯጠ የሚሸጥ ይመስለናል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። በ2008ም ሆነ በ2020 የፎር ኦ ዋን ኬ ሒሳብ ካላቸው ሠራተኞች አብዛኞቹ ምንም አልነኩም። ከፊሉ አውቆ ነው፤ ብዙው ግን ስላላየ፣ ወይም ማየት ስላልፈለገ ነው፤ ሰዎች ገበያ ሲወርድ ሒሳባቸውን የሚከፍቱት ከሌላው ጊዜ ባነሰ ቁጥር መሆኑ በጥናት ታይቷል። ገንዘቡ ከደመወዝ በራሱ እየተቆረጠ የሚገባበት አሠራር መኖሩም ረድቷቸዋል፤ በየወሩ «ልግዛ አልግዛ» ብለው እንዲወስኑ አልተጠየቁም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሻጭ እንምጣ። ስለ እርሱ የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው።

በ2007 ኦክቶበር 1,565 የነበረው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ በሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 ከከሰረ በኋላ ይብስ ቁልቁል ሄዶ፣ ማርች 9 ቀን 2009 ወደ 676 ወረደ፤ 57 በመቶ ጠፍቶ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ገበያው መውጣት ጀመረ። ጋዜጦቹ «ክፉው አለፈ» ማለት የጀመሩት በዚያ በጋ ነው። ሥራ አጥነት ግን ጫፉ ላይ የደረሰው በኦክቶበር 2009 ነበር፤ 10 በመቶ። ገበያው ከተነሣ ከሰባት ወር በኋላ ማለት ነው። በ2020ም ገበያው በማርች መጨረሻ ሲነሣ ሥራ አጥነቱ በኤፕሪል ከ14 በመቶ በላይ ሆነ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገዢው አክሲዮን የሚገዛው ኩባንያው ወደፊት ያገኛል ብሎ ለሚያስበው ትርፍ ነው፤ አሠሪው ግን ሠራተኛ የሚቀንሰው ዛሬ ያለበትን ወጪ አይቶ ነው። ሠራተኛ መቀነስ ራሱ አንዳንዴ የኩባንያውን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ በ2009 በጋ ከሥራ የተሰናበተ አባወራ «ገበያው እየተመለሰ ነው፣ አትሽጥ» ሲባል ይሰማል። እርሱም ያውቃል። የቤት ኪራዩ ግን በወሩ መጀመሪያ ይከፈላል፤ አከራዩ ኤስ ኤንድ ፒ 500 እስኪመለስ አይጠብቅም። መለኪያው ወደ 2007ቱ ጫፍ የተመለሰው በ2013 ነው።

ይህ ሰው የጡረታ ሒሳቡን ሲነካ ሦስት ጊዜ ይከፍላል። በወረደ ዋጋ ይሸጣል። 59 ዓመት ተኩል ያልሞላው ከሆነ በመደበኛው ደንብ 10 በመቶ ቅጣት ይጣልበታል፤ ከ10,000 ዶላር ላይ 1,000 በዚያው ይሄዳል። መደበኛው የገቢ ግብርም ከዚያ ላይ ይታሰባል። በማርች 27 ቀን 2020 የጸደቀው የአሜሪካ ሕግ በወረርሽኙ የተጎዱ ሰዎች እስከ 100,000 ዶላር ያለዚያ ቅጣት እንዲያወጡ ፈቅዷል፤ ሕግ አውጪዎቹም ሰዎቹ ይህን ያህል እንደሚቸገሩ ያውቁ ነበር ማለት ነው። «ደካሞች ይሸጣሉ፣ ብርቱዎች ይጠብቃሉ» የሚል አባባል በየጊዜው ይሰማል። ለእኔ ይህ ድሃን መስደብ ነው። መጠበቅ የሚችለው ሌላ የሚበላው ያለው ሰው ነው።

ለወገኖቻችን ደግሞ ሸክሙ በዚህ አያበቃም። የዓለም ባንክ በኤፕሪል 2020 ላይ ስደተኞች ወደ ታዳጊ አገሮች የሚልኩት ገንዘብ በዚያ ዓመት በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ብሎ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ የቀነሰው በጣም ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ታክሲው ቆሞ፣ ሆቴሉ ተዘግቶ፣ ሬስቶራንቱ ሠራተኛ በትኖ ሰው ከምን ላከ? ከራሱ ጉሮሮ ቀንሶ፣ ካጠራቀመው አውጥቶ፣ መንግሥት ከሰጠው ድጎማ ከፍሎ። ኢኮኖሚ ሲናወጥ የእናቱን ወርኃዊ ወጪ ከራሱ ጡረታ የሚያስቀድም ሰው የገበያ መጽሐፎች በሚያውቁት ሒሳብ አይገኝም። ይህ ክቡር ነገር ነው። ግን ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ የእርሱ መጠባበቂያ የአንድ ቤት መጠባበቂያ አይደለም። የአሜሪካ አማካሪ «የሦስት ወይም የስድስት ወር ወጪህን ለይተህ አስቀምጥ» ሲለው የሚያስበው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን አፓርታማ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ያለውን ቤት እርሱ ራሱ መደመር አለበት። ዕቁብና እድርም እዚህ ላይ ይነሣሉ። ዕቁብ ያስቆጥባል፤ ዕጣው ግን ሥራ በጠፋበት ወር ላይወጣ ይችላል። እድር ሐዘን ሲደርስ ይደርሳል፤ ሥራ አጥነት በደንቡ ውስጥ የለም።

«ይመለሳል» ስለሚለው ቃልም ሐቁን ልናገር። የአሜሪካ ገበያ ሁሌም ተመልሷል፤ አንዳንዴ ግን ሰው አርጅቶ ነው። በሴፕቴምበር 1929 381 የነበረው ዳው ጆንስ በጁላይ 1932 ወደ 41 ወርዶ፣ ወደ ቀድሞ ቁመቱ የደረሰው በ1954 ነው። የጃፓኑ ኒኬይ በ1989 መጨረሻ የያዘውን ጫፍ ያለፈው በፌብሩዋሪ 2024 ነው፤ 34 ዓመት ፈጅቶበታል። የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ደግሞ ጭራሽ ላይመለስ ይችላል። ኤንሮን የተባለው የኃይል ኩባንያ በ2001 ሲከስር ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የጡረታ ገንዘባቸውን በገዛ ኩባንያቸው አክሲዮን ይዘው ነበር፤ በ2000 90 ዶላር ገደማ የነበረው አክሲዮን ከአንድ ዶላር በታች ወረደ። ደመወዙም ጡረታውም አብሮ ሄደ። ስለዚህ «አትሽጥ» የሚለው ምክር የሚሠራው ገንዘቡ በብዙ ኩባንያዎች፣ ቢቻል በብዙ አገሮች ለተበተነ፣ ጊዜም ላለው ሰው ነው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ሁሉንም በአክሲዮን ይዞ መገኘት የለበትም።

ይህ ሁሉ አሁን አገር ቤትም መነገር ያለበት ጉዳይ ሆኗል። ከንጉሡ ዘመን የአክሲዮን ግብይት ወዲህ የመጀመሪያ የሆነው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጃንዩዋሪ 2025 ተከፍቷል። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ከ33 አክሲዮን ጀምሮ በቴሌብር ሸጧል፤ 9,900 ብር ያለው ሰው ባለድርሻ መሆን ችሏል። እስከ አሁን የባንክ አክሲዮን የያዘው ሰው የሚያየው በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣውን የትርፍ ድርሻ ብቻ ነበር፤ የአክሲዮኑ የዕለት ዋጋ የሚባል ነገር ስላልነበረ ሲወርድም አላየም። በጁላይ 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ በዶላር ሲመዘን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በግማሽ ገደማ ቀንሷል፤ ያንንም ያወቀው በዘይቱና በመድኃኒቱ ዋጋ እንጂ በሠንጠረዥ አልነበረም። ከአሁን ወዲያ ግን ዕለታዊ ዋጋ ያያል፤ የመጀመሪያውን መውደቅም ያያል። አክሲዮን የሚሸጡለት ተቋማት ዋጋ እንደሚወርድም በሚገባው ቋንቋ፣ ከመግዛቱ በፊት ሊነግሩት ይገባል። የትርፍ ተስፋ ብቻ ይዞ የገባ ሰው በመጀመሪያው ውድቀት ይወጣል፤ ልጆቹንም ያስምላል።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ገበያው ረጋ ባለበት ሰሞን ወረቀት ይዛችሁ ከባለቤታችሁ ጋር ተቀመጡ። ሥራ ቢቆም የምትኖሩበት ቤት በወር ምን ያህል እንደሚፈልግ ጻፉ፤ ከሥሩ ለአባት፣ ለእናትና ለእኅት ወንድም የምትልኩትን ጨምሩበት። ድምሩን በምትችሉት ወር አባዙትና ያንን ገንዘብ ዛሬ ነገ ሳትሉ በባንክ ለይታችሁ ማስቀመጥ ጀምሩ። ያ እስኪሞላ ድረስ አሠሪያችሁ ለጡረታ ቁጠባችሁ የሚያዋጣላችሁ ድርሻ ካለ፣ ያንን ለማግኘት ከሚያስፈልገው በላይ አክሲዮን አትግዙ።